ስምንተኛው ሰው

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ መንገደኛ ነው።

ዘካ የሚገባቸው ሰዎች ስምንት ክፍሎች መሆናቸውን በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ላይ እናገኛለን። ድሆች፣ ሚስኪኖች፣ በዘካ ላይ የሚሰሩ ሰራተኞች፣ ልቦቻቸው የሚለማመዱ ሰዎች፣ ከባርነት ነጻ የሚወጡ፣ ባለዕዳዎች፣ በአላህ መንገድ ላይ ያሉ፣ በመጨረሻም መንገደኛ። ይህ ስምንተኛው ሰው በዐረብኛ «ኢብኑ ሰቢል» ይባላል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «የመንገድ ልጅ» ማለት ነው። እኛ ይህን ትምህርት ለደረሶች ብዙ ዓመት አስተምረናል። እውነቱን ለመናገር ግን ስምንተኛው ላይ ስንደርስ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ያልቅብናል። «መንገደኛ ግልጽ ነው» ብለን ኪታቡን እንዘጋለን። ግልጽ አልነበረም። ግልጽ የሆነልን በ2002 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ በአንድ ረቡዕ ቀን፣ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ወድቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁርኣን ያስቀሩን ሸይኻችን ወሎ ውስጥ ወደ አኺራ መሄዳቸውን የሰማነው አዲስ አበባ ሆነን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። የደሴ አውቶብስ ገና ጎህ ሲቀድ ወጥቷል። ጀናዛ ደግሞ አይቆይም። አንድ የመድረሳ ባልደረባችን የሆነ ወንድማችን ሞተር ብስክሌት ነበረውና «ተነሱ፣ እንድረስ» አለ። ከአዲስ አበባ ደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ክረምት ነው። ሄልሜት ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ነጂው አደረገ። ከኋላ የተቀመጥነው እኛ ኮፍያችን ላይ ሻሽ ጠምጥመን «ተወከልና ዐለላህ» ብለን ወጣን። ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ከጀመዓው የተሰበሰበ ገንዘብም በትንሽ ቦርሳ ይዘናል።

ጫጫ አካባቢ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን አነሱ። አህያቸው ጭነቱ ዞሮባት ቦይ ውስጥ ተኝታለች። ብቻቸውን ናቸው። ጭነቱን ለማንሳት ሁለት ሰው ይበቃል፤ እኛ ደግሞ ሁለት ነን። ወንድማችን ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ወደ ኋላ ዞር አለ። እኛም «ጀናዛው ይቀድመናል፣ ሌላ ሰው ያነሳላቸዋል» አልነው። አለፍን።

ውድ አድማጮች፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰውን በእንስሳው ላይ ማገዝ፣ ጭነቱን አንስቶ መጫን ሰደቃ መሆኑን እንዳስተማሩ እናውቅ ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው፤ በቃላችን እናውቀዋለን፣ ለልጆች እናስቀራዋለን። በቃል ይዘነው በእግራችን አለፍነው። ይህን የምንናገረው እናንተን ለማሳዘን አይደለም። ቀጥሎ የመጣውን ስትሰሙ ከየት እንደተነሳን እንድታውቁ ነው።

ደብረ ብርሃን ሰገድን፣ ሻይ ጠጣን፣ ቀጠልን። ጣርማ በር ከባህር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ቦታ ነው፤ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው የሰሩት ዋሻ አለ። ከዋሻው ሲወጣ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። በሐምሌ ጉሙ ከእጅ ፊት አያሳይም። አንድ ኩርባ ላይ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ከዚያ በኋላ የምናስታውሰው ሰማይና አስፋልት ሲገለባበጥ ነው። ወንድማችን ከጉልበቱ በታች እግሩ ተሰብሯል። እኛ ትከሻችን ወልቋል፣ ግንባራችን ተተርትሮ ደም ዓይናችን ውስጥ ገብቷል። ቦርሳው ወደ ገደሉ በሮ ሄዷል፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የመጀመሪያው መኪና አለፈ። ሁለተኛው ቀነስ አደረገና አለፈ። ሦስተኛውም አለፈ። ሱብሓነላህ! በእያንዳንዱ መኪና የሚታየን የጫጫው ሽማግሌ ነበር። ያለፉን ሰዎች ክፉ ስለሆኑ አልነበረም። እንደኛው ቸኩለው፣ እንደኛው «ሌላ ሰው ያነሳቸዋል» ብለው ነው።

አራተኛው ቆመ። ከሸዋ ሮቢት በኩል ቲማቲም ጭኖ ሽቅብ የሚወጣ አይሱዙ ነበር። ሹፌሩ መጀመሪያ ወደ እኛ አልመጣም። ረዳቱን ልኮ ኩርባው ላይ ድንጋይና ቅጠል አስደረደረ፣ የመኪናውን መብራት አበራ። «ከኋላ የሚመጣው ሳያያችሁ እንዳይጨርሳችሁ» አለን። ከዚያ በኋላ ነው ጎንበስ ብሎ ያየን። ጋቢናው ውስጥ ልጅ የታቀፈች እናት አለች፣ ከላይ ጭነት ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል፤ እግሩ የተሰበረን ሰው የሚያስተኛበት ቦታ የለውም። እሪ ብሎ የሀገሩን ሰው ጠራ። ከጉሙ ውስጥ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ወጡ። ከመካከላቸው አንዱ ወጌሻ ነበሩ። እግሩን ዳሰሱና «ይህ ለኔ አይደለም፣ ሐኪም ይየው» አሉ። አልጎተቱትም፣ አላሹትም። በሁለት ዘንግ መካከል አድርገው በመቀነት አሰሩት ብቻ። ዕውቀቱ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚያውቅ ሰው ምንኛ ጥሩ ዐዋቂ ነው!

ሹፌሩ አንድ ሰዓት ያህል አብሮን ቆየ። ቲማቲም እንደሚበላሽ እናንተም ታውቃላችሁ። ሲሄድ እጃችን ውስጥ መቶ ብር አስቀመጠ። ስልክ ቁጥሩን ጠየቅነው። «ምን ይሰራላችኋል? እኔም የመንገድ ሰው ነኝ፣ ነገ ተራው የኔ ነው» ብሎ ሄደ።

ወንድማችንን በቃሬዛ ተሸክመው ከመንገዱ በላይ ወዳለው ቅርብ ቤት አስገቡት። የቤቱ እመቤት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ኮፍያችንን አዩና «ልጆቼ፣ እስላም ናችሁ አይደል?» አሉን። «አዎ እናታችን» አልን። ወዲያው ልጃቸውን ወደ ሙስሊም ጎረቤት ላኩት። ልጁ ብርጭቆና ሳህን ይዞ ተመለሰ። «የኔ ዕቃ ሥጋ የነካው ነው፣ አልሰጣችሁም፤ ይኼ የናንተው ነው» አሉን። ወተት አፈሉ፣ እንቁላል ቀቀሉ፣ ቆሎ አቀረቡ። ረቡዕ ነውና እሳቸው ጾመኛ ናቸው። የማይጠጡትን ወተት አፍልተው አጠጡን። ሲመሽ ለብ ያለ ውሃ በጣሳ አመጡና «የምትሰግዱት ወደየት ዞራችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። እኛ በጉሙ አቅጣጫው ጠፍቶብናል። ሳንመልስላቸው ራሳቸው በእጃቸው ግድግዳውን አሳዩን፤ «ጎረቤታችን ሼህ ሙስሊሙ ወደዚህ ነው የሚዞሩት» አሉ። ያሳዩን ወደ ሰሜን ነበር። ልክ ናቸው፤ መካ ከዚያ ሀገር ቀጥ ብላ በሰሜን በኩል ናት። ማተብ ያሰሩ እናት ለኢማም ቂብላ አሳዩ።

ያን ምሽት ወንድማችን ሲያቃስት፣ እናታችን እሳቱን ሲቆሰቁሱ፣ እኛ ስለ ስምንተኛው ሰው አሰብን። የፊቅህ ዐዋቂዎች ምን ይላሉ? መንገደኛ ቤቱ ባለጸጋ ቢሆን እንኳ፣ ጉዞው ለወንጀል እስካልሆነና ገንዘቡ ዘንድ መድረስ እስካልቻለ ድረስ፣ ሀገሩ የሚያደርሰው ያህል ከዘካ ይሰጠዋል ይላሉ። ለምን ሀብታም ይሰጠዋል? እያልን ስንከራከርበት የነበረ ነው። ያን ምሽት ገባን። አዲስ አበባ ቤት አለን፣ ደመወዝ አለን፣ ስማችንን አክብሮ የሚጠራ ጀመዓ አለን። ጣርማ በር ላይ ግን ምንም የለንም። አንድ ብርጭቆ እንኳ የሰው ነው። መንገድ ሀብታሙንም ዐሊሙንም በአንድ ኩርባ ድሃ ያደርጋል። አላህ (ሱ.ወ) ይህን ስለሚያውቅ ነው ለመንገደኛ ስም ሰጥቶ ድርሻ የመደበለት።

በማግስቱ ማለዳ አንድ ሚኒባስ በር ላይ ቆመ። «ሁለት የተጎዱ ሰዎች እዚህ አሉ?» አለ ሹፌሩ። ማን ላከህ ብንለው «ማታ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ደብረ ብርሃን ላይ ነግሮኝ ነው፤ ሒሳብ ተከፍሏል» አለን። ያ የቲማቲም ሹፌር ስሙን እንኳ ሳይነግረን በጨለማ ውስጥ አስቦን ነበር። ወደ ሆስፒታል ሄድን፤ እግሩም በጄሶ ታሰረ፤ አልሐምዱሊላህ ዛሬ ይራመዳል። ሞተሯን የሰፈሩ ወጣቶች ሌሊቱን በየተራ ጠብቀዋት ነበር፤ አንድ ዕቃ አልጎደለባትም። ጀናዛው ግን አመለጠን። አንድን ሽማግሌ አልፈን የሮጥንለት ጀናዛ አመለጠን።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ስኳርና ቡና፣ አንድ ጋቢም ይዘን ወደ እናታችን ቤት ተመለስን። ቡናውን ተቀበሉ፤ ገንዘብ ስናወጣ ግን ተቆጡ። እንዲህም አሉን፦ «ልጆቼ፣ እኔ ለናንተ ብዬ ያደረግሁት አይደለም። ልጄ ዐረብ ሀገር ናት፤ ሰው ቤት ትሰራለች። እሷም በናንተ ሰዎች እጅ ናት። እኔ እዚህ የናንተን ልጅ ካየሁ፣ እዚያ አንዷ የኔን ልጅ ታይልኛለች ብዬ ነው።»

መልስ አልነበረንም። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚናገር ኢማም ቃል አጣ። ምክንያቱም እናታችን ልጃቸውን አደራ የሰጡት ለኛ ነው። በሪያድ፣ በቤይሩት፣ በዱባይ በሩ የተዘጋ ቤት ውስጥ ላለች የሀበሻ ልጅ ምን እንደሚደርስባት እኛም እንሰማለን። ለዚህች እናት «አይዞዎት፣ የኛ ሰዎች ናቸው» ለማለት አፋችን አልደፈረም።

ልጃቸው በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዐረቢያ ከተመለሱት ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ጋር አብራ ገባች። ልናያት ሄድን። ክፉም ደግም አይታለች። የመጀመሪያው ቤት የወራት ደመወዟን ከልክሏታል። ሁለተኛው ቤት ያሉ አሮጊት ግን በታመመች ጊዜ አልጋቸው አጠገብ አስተኝተው አስታመዋታል። እናትየው ስለ መጀመሪያው ቤት ምንም አላሉም። ስለ አሮጊቷ ሲሰሙ ግን ወደኛ ዞር ብለው «አየሽ፣ ደርሷል» አሉ ለልጃቸው። የቀቀሉት እንቁላል፣ ያፈሉት ወተት ባሕር ተሻግሮ ደርሷል ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያ መንገድ ብዙ መከራ አየ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ በእሳት ስትጋይ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲፈናቀል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በዓይነ ቁራኛ ሲያይ ስልካችን ጮኸ። ልንጠይቃቸው የሚገባን እኛ ነበርን። የደወሉት ግን እሳቸው ናቸው። «ወሎ ያሉ ዘመዶቻችሁ ደህና ናቸው?» ነበር ያሉን። ያን ቀን ከሁለቱም ወገን የምንሰማው ወሬ ሌላ ነበር። እኛ ግን በዚያ ወሬ መካከል የአንዲት እናት ድምፅ ስለነበረን ማንንም በጅምላ መጥላት አልቻልንም። የእንግዳ ደግነት አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ቀኑ ሲከፋ ልብን ይጠብቃል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ሌላ እምነት ያለው ሰው በመንገድ ላይ ባለውለታችን ሲሆን ይህ በዲናችን እንግዳ ነገር አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከአቡበክር (ረ.ዐ) ጋር ወደ መዲና ሲሰደዱ መንገድ የመራቸው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ በዚያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። ሕይወታቸው ሲታደን ግመሎቻቸውን አደራ ሰጡት፣ በቀጠሮው ቀን ይዞ መጣ። ከዚያም በፊት፣ በ615 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሶሓቦች የመጀመሪያውን ስደት ያደረጉት ወደዚችው ሀገራችን ነው፤ የተቀበላቸውም ክርስቲያን ንጉሥ ነጃሺ ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ታሪካችን የሚጀምረው ከእንግድነትና ከመልካም አቀባበል ነው።

ሙሳም (ዐ.ሰ) ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ታሪኩ በሱረቱል ቀሰስ ይገኛል። ተርበዋል፣ ደክመዋል፣ ማንንም አያውቁም። ሆኖም መጀመሪያ ያደረጉት መለመን አልነበረም። ሁለት ሴቶች መንጋቸውን ማጠጣት አቅቷቸው ሲያዩ አጠጡላቸው። ከዚያ በኋላ ነው ጥላ ስር ሆነው ጌታቸውን የለመኑት። እንግዳ ሆኖ እንኳ ሰው ሰውን መርዳት ይችላል ማለት ነው። እኛ ግን ጤና እያለን፣ ሁለት ሆነን፣ አንድ ጭነት አላነሳንም።

ያን የጫጫ ሽማግሌ ፈልገናቸዋል። ስንመለስ ወርደን ጠየቅን። የሚያውቃቸው አልተገኘም። የአይሱዙውንም ሹፌር አላገኘነውም። ታዲያ ባለቤቱ የማይገኝ ዕዳ እንዴት ይከፈላል? መልሱን እናታችን ሰጥተውናል። ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ይከፈላል።

እስቲ ወደየቤታችን እንመለስ። ከዚህ ንግግር በኋላ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በመንገድ ላይ የተጎዳ ሰው ስናይ እንቁም። ዘመኑ ያስፈራል፣ ወጥመድ የሚያዘጋጅ ወንበዴም አለ፤ ይህን አንክድም። ቦታው የሚያሰጋ ከሆነ ሰው ወዳለበት አልፈን ለፖሊስ ወይም ለአምቡላንስ እንደውል፣ የሚቀጥለው ከተማ ላይ እንናገር። ማለፍና መርሳት ግን አንድ አይደሉም። ያ ሹፌር እኛን ጭኖ መሄድ አልቻለም፤ ነገር ግን አልረሳንም።

ሁለተኛ፣ ስንረዳ በዕውቀት እንርዳ። መጀመሪያ መንገዱን ምልክት ማድረግ፤ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ፤ አንገቱን ወይም ጀርባውን የተጎዳ የሚመስለውን አደጋ ካልመጣበት በቀር አለማንቀሳቀስ፤ የተሰበረውን አለመጎተት። ሞተር የሚነዱ ልጆቻችንም ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሁለት ሄልሜት ይያዙ። ግመሉን አስሮ ይተማመን ወይስ ፈትቶ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የመለሱለት እንዲያስርና እንዲተማመን ነው። እኛ ያን ቀን ሳናስር ነበር «ተወከልና» ያልነው።

ሦስተኛ፣ በየመስጊዱ ያላችሁ ኮሚቴዎች፣ ዘካ ስታከፋፍሉ ስምንተኛውን አትርሱ። ገንዘቡ የተሰረቀበት፣ ታማሚ ይዞ መጥቶ መመለሻ ያጣ ሰው ሲመጣ አጣርታችሁ ሀገሩ አድርሱት። ዘካ የራሱ ሕግ አለው። ሰደቃና ደግ ሥራ ግን ለሙስሊሙም ለሌላውም ክፍት ነው።

አራተኛውና ዋናው፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንግዳው መንገድ ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ማድቤታችን ውስጥ አለ። ከገጠር መጥታ እኛ ቤት የምትሰራው ልጅ የመንገድ ልጅ ናት። እናቷ በየትኛው ጉም ውስጥ ሆና እንደምታስባት አናውቅም። ደመወዟን በወሩ እንስጣት። እናቷን የምታናግርበት ስልክ እናቅርብላት። ሌላ እምነት ካላት የጾሟን ቀን እንወቅላት፤ እኒያ እናት ብርጭቆ ከጎረቤት እንዳስመጡልን። ስትታመም እናሳክማት። ይህን የምንለው በዚህ ብቻ ሳይሆን በዐረብ ሀገር ሆናችሁ ለምትሰሙንም ነው፤ አሠሪዎቻችሁን ባትችሉ እንኳ እርስ በርሳችሁ ተያዩ።

ሰዎችን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም የሚል ትምህርት ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተላልፎልናል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ሞገድ እናመሰግናለን። አንተ የቲማቲሙ ሹፌር፣ እናንተ ወጌሻው አባታችን፣ ሌሊቱን ሞተር የጠበቃችሁ ልጆች፣ ብርጭቆ ያዋሳችሁን ጎረቤት፣ እርስዎም እናታችን፣ አላህ ይስጣችሁ። እርስዎ የጫጫው አባታችን፣ እየሰሙን ከሆነ አውፍ ይበሉን።

ያ ረብ! መንገደኞቻችንን በሰላም አድርስልን። በሰው ሀገር ያሉ ልጆቻችንን ጠብቅልን። በራችን ላይ የቆመውን እንዳናልፈው ዓይናችንን ክፈትልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።